የቅንጨ አረም ጢንዚዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት ቅንጨ አረም ላስቸገራቸው ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች ነው። አረሙን በሐረርጌ በኩል ፋራምሲሳ የምትሉትም ስለ አንድ ተክል ነው የምናወራው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ይባላል። ጢንዚዛው ደግሞ ይህን አረም እየበላ እንዲያዳክም ሜዳ ላይ የሚለቀቅ ነፍሳት ነው።

ጢንዚዛው ምን ዓይነት ነው? ከየትስ የመጣ ነው?

ሳይንሳዊ ስሙ ዚጎግራማ ባይኮሎራታ ነው። ቅጠል በል ከሆኑት የጢንዚዛ ቤተሰቦች የሚመደብ ሲሆን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቅንጨ አረምም የበቀለው ከዚያው አካባቢ ነው። አረሙ ባሕር ሲሻገር የሚበሉት ነፍሳት ግን አብረውት አልተሻገሩም፤ በአገራችን እንዲህ ሊንሰራፋ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጢንዚዛው ሆን ተብሎ በአውስትራሊያ በ1980፣ በህንድ በ1984፣ በደቡብ አፍሪካ በ2013 ተለቋል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፓኪስታንና ኔፓል የደረሰው ግን ማንም ሳይለቀው፣ ከህንድ በኩል በራሱ እየተስፋፋ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መቼ ገባ?

በ2007 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ አምቦ በሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በኳራንቲን ተዘግቶ ተቀመጠ። በቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚመራና በአሜሪካ የልማት ድጋፍ የተካሄደ ፕሮጀክት ነበር። ለዓመታት ሰብሎቻችን ላይ ከተፈተነና የመንግሥት ፈቃድ ከተገኘ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ክረምት (2016 እ.ኤ.አ.) ወለንጪቲ አካባቢ ሜዳ ላይ ተለቀቀ። ከመግባቱ እስከ መለቀቁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ወስዷል። ለቸኮለ ሰው ረጅም ነው፤ ነገር ግን አንዴ የተለቀቀ ነፍሳት ተመልሶ አይሰበሰብምና ጥንቃቄው አልበዛም።

ሜዳ ላይ ሳየው እንዴት እለየዋለሁ?

ያደገው ጢንዚዛ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። ራሱና ከራሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ቡናማ ነው። የክንፍ ሽፋኖቹ ክሬም መልክ ይዘው፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርዱ ጥቁር ቡናማ መስመሮች አሉባቸው። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ጠመዝመዝ ይላሉ።

እንቁላሉን ለማየት ቅጠሉን መገልበጥ ያስፈልጋል። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ነጠላ ሆኖ ወይም ጥቂት ጥቂት ሆኖ ይጣበቃል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ መጀመሪያ ቢጫ ነው፤ ሲያድግ ወደ አረንጓዴ ይጠጋል። ትንንሾቹ እጮች የሚገኙት ሰፊው ቅጠል ላይ ሳይሆን ገና ያልተፈታ ለጋ ጫፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ "እንቁላል አይቼ ነበር፣ እጭ ግን የለም" ከማለትዎ በፊት ጫፉን በጣትዎ ፈልቀቅ አድርገው ይመልከቱ።

አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ፎቶውን ከድንች ጢንዚዛ (ከኮሎራዶ ጢንዚዛ) ጋር ታምታቱት ይሆናል። ያኛው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ቢጫ ሆኖ በእያንዳንዱ የክንፍ ሽፋን ላይ አምስት ጥቁር መስመር ያለው ነው፤ የሚገኘውም ድንችና ዘመዶቹ ላይ ነው።

ኑጌን ወይም ሱፌን ቢበላብኝስ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ኑግ፣ የሱፍ አበባና ቅንጨ አረም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ቅጠል በል ነፍሳት ደግሞ የለመዱትን ሲያጡ መጀመሪያ የሚሞክሩት ዘመዱን ነው። አምቦ ላይ በተደረገው ፍተሻ ኑግ እንዲካተት የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የህንዱን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጢንዚዛው የሱፍ አበባ ቅጠል ሲበላ ታየ ተብሎ ትልቅ ውዝግብ ተነሣ፤ መንግሥትም አጣሪ ቡድን እስከማቋቋም ደረሰ። ሲጣራ የተገኘው ነገር አስገራሚ ነበር። ከጎን ያለው የቅንጨ አረም አበባ ዱቄት በነፋስ እየተነሣ የሱፍ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ጢንዚዛውም በዱቄቱ ተስቦ ቅጠሉን ይቀማምሳል። ዱቄት ያላረፈበትን ቅጠል ግን እንደዚያ አይደፍረውም። በሱፍ ላይ እየተራባ የሚኖር ተባይ ሆኖ አልተገኘም።

በተግባር የሚያስፈልግዎ ልዩነት እንዲህ ነው። ኑግ ላይ አንድ ሁለት ያደጉ ጢንዚዛዎች ቢያዩ፣ በተለይ ዳር ላይ ያለው ቅንጨ አረም ተበልቶ ሲያልቅ፣ መንገደኞች ናቸው። የሚያሳስበው የኑግ ቅጠል ስር እንቁላል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እያደገ ያለ እጭ ከተገኘ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ከመርጨትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ አምስት ስድስቱን አልኮል ባለው ትንሽ ጠርሙስ ይክተቱ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈው ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ያድርሱ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው "ናሙና" ሌላ ጢንዚዛ ሆኖ ይገኛል፤ ያም ቢሆን መምጣቱ ደግ ነው።

የሕይወት ዑደቱ ምን ይመስላል? ይህን ማወቅስ ምን ይረባኛል?

እንቁላሉ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ ከ10 እስከ 15 ቀን እየበላ አራት ደረጃ ያልፋል። ሲጠግብ ከተክሉ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባና ፑፓ ይሆናል፤ ማለትም ሳይበላ ሳይንቀሳቀስ መልኩን ይቀይራል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ሙቀቱና እርጥበቱ ከተመቸ ሙሉ ዑደቱ አንድ ወር አካባቢ ነው፤ በዓመት እስከ አራት ትውልድ ሊሰጥ ይችላል።

የሚረባዎ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ትንንሾቹ እጮች የሚበሉት የሚያድገውን ጫፍና በቅጠሉ ብብት ያለውን እምቡጥ ነው። ጫፉ የተበላ ተክል አይረዝምም፣ አበባውም ይቀንሳል። አንድ ቅንጨ አረም ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ የሚችል በመሆኑ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተቦዳደሰ ቅጠል ለዓይን ቢያስደስትም አበባው ከቀረ ነው ሥራው የተሠራው።

ሁለተኛ፣ የዕድሜው ትልቅ ክፍል አፈር ውስጥ ነው። ፑፓው እዚያ ነው፤ ዝናብ ሲያቆምና አረሙ ሲደርቅ ያደገውም ጢንዚዛ አፈር ገብቶ እስከ ስድስት ወር ይተኛል። ስለዚህ በየወቅቱ የሚታረስ መሬት ለእሱ መኖሪያ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ማሳዬ ውስጥ ልልቀቀው?

አይልቀቁት። ማሽላና ጤፍ ውስጥ ያለውን ቅንጨ አረም በወቅቱ ማረም ያለበት ሰው ነው። ሰብሉ ጢንዚዛው እስኪባዛ ድረስ አይጠብቅም፤ ማረሻው ደግሞ ፑፓውን ይገለብጠዋል። ጢንዚዛው የተፈለገው ማንም ለማያርመው መሬት ነው፦ ለግጦሽ፣ ለመንገድ ዳር፣ ለባቡር ሐዲድ ግራና ቀኝ፣ ለወንዝ ዳርቻ፣ ለአጥር ሥርና ለጠፍ መሬት። የማሳዎ ዘር በየዓመቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ለመልቀቂያ የሚመረጠው ቦታ አረሙ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የማይታረስና የማይቃጠል፣ ጎርፍ የማይተኛበት መሆን አለበት። አፈሩ ላላ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከብት በብዛት የሚረግጠው የውኃ መውረጃ መንገድ ጥሩ አይደለም። ከሁሉ በፊት የመሬቱን ባለቤት ወይም ቀበሌውን ያነጋግሩ፤ ከተለቀቀ በኋላ "ለልማት" ተብሎ በግሬደር የሚጠረግ ቦታ ብዙ ነው።

መቼ ነው የሚለቀቀው?

ዝናቡ ከገባና አረሙ ገና ለጋ ሳለ። ክረምት በሰኔ በሚገባበት አካባቢ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጥሩ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቢለቀቅ የመጀመሪያው አዲስ ትውልድ ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ከአፈር ይወጣል፤ ሁለተኛው በመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ። መስከረም ላይ ቢለቀቅ ግን አንድ ትውልድ እንኳ ሳይሞላ አፈሩ ይደርቃል።

እንደ ወለንጪቲ፣ ቆቦና ድሬዳዋ ባሉ ዝናባቸው አጭርና ቁርጥርጥ በሆነባቸው ቦታዎች ቀን ቆጥሮ ሳይሆን አረሙን አይቶ መወሰን ይሻላል። ተክሉ ከመሬት ተነጥፎ ቅጠሉን ሲዘረጋ፣ ገና ግንድ ሳያወጣ፣ ያኔ ነው። አበባ አውጥቶ ግንዱ የጠነከረ አረም ላይ መልቀቅ ጢንዚዛውን ለሽማግሌ ቅጠል መስጠት ነው።

ስንት ጢንዚዛ ይበቃል? እንዴትስ ይጓጓዛል?

በህንድ ልምድ በአንድ ቦታ ከ500 እስከ 1,000 ያደጉ ጢንዚዛዎች ይለቀቃሉ። እነዚህን በአሥር ቦታ ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ መበተን የተለመደ ስህተት ነው። "ሁሉም ቀበሌ ይድረሰው" የሚለው ሐሳብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የተበተኑ ጥቂት ጢንዚዛዎች ተፈላልገው አይገናኙም፣ ጉንዳንና ሸረሪትም ይጨርሳቸዋል። በአንድ ቦታ በደንብ ከተራቡ በኋላ ከዚያ እየሰበሰቡ ማከፋፈል ይቻላል።

ሲሰበሰብ አፉ ሰፊ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ከተክሉ ስር ይያዝና ቅርንጫፉ ነቅነቅ ይደረጋል። በአንድ የ2 ሊትር ዕቃ ከ100 እስከ 150 ከበለጠ ይታፈናል። ክዳኑ ተቀዶ በቀጭን መረብ ይሸፈን። ከስሩ ጋዜጣ ይነጠፍ፤ ላዩ ላይ ለጋ የቅንጨ አረም ቅጠል ይቀመጥ፤ ቅጠሉ ግን የታጠበ ከሆነ ውኃው ይራገፍለት፣ ዕቃው ውስጥ የሚጠራቀም ላብ ከረሃብ ቀድሞ ይገድላቸዋል። በማለዳ ይሰብስቡ፣ በዚያው ቀን ይልቀቁ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ለሻይ ያህል እንኳ ትተውት አይውረዱ።

ሲለቁ ዕቃውን ገልብጦ መሬት ላይ መድፋት ሳይሆን፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ባልበለጠ ቦታ ውስጥ በየተክሉ ላይ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ጊዜው ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሁን። ቦታውን በእንጨት ምልክት ያድርጉ፣ በስልክዎም የጂፒኤስ ነጥቡን ይያዙ።

ራሳችን ማራባት እንችላለን?

ፈቃድ ካለው የማራቢያ ጣቢያ ወይም ቀድሞ ከተለቀቀበት ሜዳ የተገኘ መነሻ ካለ፣ ወረዳው ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊያራባው ይችላል። ዕቃው ውድ አይደለም፤ የሚጠይቀው የሰው ትጋት ነው።

1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም በቀጭን መረብ ይሸፈናል። እግሮቹ ውኃና ትንሽ ሳሙና ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቁሙ፤ ያለዚያ ጉንዳን በአንድ ሌሊት እንቁላሉን ሁሉ ያነሣዋል። ውስጡ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ፣ አበባ ያላወጡ ቅንጨ አረሞች በማሰሮ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ተተክለው ይገባሉ። ከ20 እስከ 30 ጢንዚዛ ይጨመርና ለአንድ ሳምንት እንቁላል ይጥላል። ከዚያ ያደጉት ወደ ሌላ ሳጥን ይዛወራሉ። ይህን መዝለል የለብዎትም፤ ያደጉትና እጮቹ አብረው ከቆዩ ምግቡን ትልልቆቹ ይጨርሱታል።

እጮቹ ሲያድጉ ቅጠል በፍጥነት ያልቃል። በየቀኑ ጠዋት ይታይ፤ ግማሹ ቅጠል ሲያልቅ አዲስ ተክል ከአሮጌው ጋር ተነካክቶ እንዲቆም ይግባ። በመጨረሻው ደረጃ የተራበ እጭ ቢተርፍም የሚወጣው ጢንዚዛ ትንሽና እንቁላሉ ጥቂት ይሆናል።

የሳጥኑ ወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ይሁን። እርጥበቱ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ውኃ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ከበዛ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከደረቀ ፑፓው ይሞታል ወይም ጢንዚዛው ሳይወጣ ይቀራል። እጮቹ ከወረዱ በኋላ ለሁለት ሳምንት አፈሩ አይነካካ። "ምን ደረሰ?" እያሉ መቆፈር በማራቢያ ቤት ውስጥ ከሚያጋጥመው ጥፋት ዋነኛው ነው።

ተክሉን የሚነካው ሰው ጓንትና ረጅም እጅጌ፣ አበባ ካለም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። የቅንጨ አረም ንክኪ ቆዳን ያሳክካል፤ የአበባው ዱቄት አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ምንም ያልተሰማው ሰው ከተደጋገመ በኋላ ሊታመም ይችላልና "እኔን አይነካኝም" ማለት ዋስትና አይሆንም።

ለቀቅነው፣ ግን ጠፋ። ምን ሆኖ ነው?

ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ጊዜው ሳይደርስ ነው የተፈለገው። በተለቀቀ በሁለተኛው ሳምንት እንቁላልና ትንንሽ እጭ ይፈለግ። በአራተኛው ሳምንት አብዛኛው አፈር ውስጥ ስለሆነ ሜዳው ባዶ ይመስላል። በስድስተኛው ሳምንት አዲሶቹ ጢንዚዛዎች ይወጣሉ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይቁጠሩ፦ አሥር ቦታ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ክፈፍ እየጣሉ ተክሉን፣ እጩንና ጢንዚዛውን ለየብቻ ይመዝግቡ።

በእውነት ከጠፋ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ይሆናል፦ ዝናቡ ቶሎ ተቋርጧል፣ ቦታው ታርሷል ወይም ተቃጥሏል፣ በአቅራቢያው ፀረ ተባይ ተረጭቷል፣ አለዚያም የተለቀቀው ቁጥር አንሷል። የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ከገባ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሳያዩ ግን "ከሽፏል" ብለው ሪፖርት አያድርጉ። አፈር ውስጥ የተኛው የሚወጣው ያኔ ነው። በህንድም ከተለቀቀበት ከ1984 እስከ ዓይን የሚሞላ ጉዳት እስኪታይ ጥቂት ዓመታት ወስዷል።

ኬሚካል ጎን ለጎን መጠቀም ይቻላል?

ፀረ ተባይ አይቻልም። ለተምች ወይም ለአንበጣ የሚረጨው ማላታይን ጢንዚዛውንም አይምረውም። በአቅራቢያ መርጨት ግድ ከሆነ ነፋሱ ወደ መልቀቂያው ቦታ በማይነፍስበት ሰዓት ይሁን፣ ባለሙያውም አስቀድሞ ይነገረው።

ፀረ አረም ሌላ ጉዳይ ነው። ቱ ፎር ዲ ጢንዚዛውን በቀጥታ ለመግደል የታሰበ አይደለም፤ ግን ምግቡን ያጠፋበታል። ማሳው ውስጥ ተጠቀሙ፣ ጢንዚዛው ያለበትን ዳር ግን ተዉለት። በእጅ መንቀልም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አበባ ሳያወጣ፣ በጓንት፣ ከማሳው ጀምሮ ወደ ውጭ።

ቅንጨ አረምን ጨርሶ ያጠፋልናል?

አያጠፋም። አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ጢንዚዛው ደግሞ ዘር አይበላም። የሚጠበቀው አረሙ እንዲያጥር፣ አበባው እንዲቀንስና ሣር መልሶ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ሣሩ ሊመለስ የሚችለው ግን ግጦሹ ፋታ ካገኘ ብቻ ነው። ከአቅሙ በላይ ከብት በተሰማራበት መሬት ላይ ጢንዚዛው ያራቆተውን ቦታ የሚይዘው ራሱ ቅንጨ አረም ነው።

በደረቅ ዓመት ሥራው ይቀንሳል፤ ይህ ከተፈጥሮው የሚመጣ ድክመት ነው። በዚህ ምክንያት ሌላ ነፍሳትም ታስቦለታል፦ ሊስትሮኖተስ ሴቶሲፔኒስ የሚባለው ግንድ ቦርቧሪ ነቀዝ። እንቁላሉን አበባው ውስጥ ይጥላል፣ እጩ ግንዱን እየቦረቦረ ይወርዳል። አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ግንድ ስለሚበላ አይሻሙም።

ሰውን፣ ከብትን ወይም ንብን ይጎዳል?

አይነክስም፣ አይናደፍም፣ ቀፎ አይገባም። ከብት ከቅጠል ጋር ቢውጠው እንኳ የሚያሳስበው ቅጠሉ ነው፤ ቅንጨ አረም የበላች ላም ወተቷ ይመርራል።

ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ጥቂት ቢልክልኝስ?

ሕያው ነፍሳት ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ከውጭ የሚመጣ ጢንዚዛ ጥገኛ ተባይ ወይም በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አምቦ ላይ በኳራንቲን እንዲቆይ ከተደረገበት ምክንያት አንዱም ይህን ለማጣራት ነው። አገር ውስጥ ያለውን ለማግኘት ጥያቄዎን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል በጽሑፍ ያቅርቡ። ደብዳቤው ላይ የቦታውን ስፋት፣ መሬቱ የማን እንደሆነና ለሁለት ዓመት እንደማይታረስ የሚገልጽ ቃል ካካተቱ ምልልሱ ያጥራል። ማመልከቻው ከሚያዝያ በፊት ቢገባ ለሐምሌው ዝናብ ይደርሳል።